የሚሰማ ምናሌ፦ የጽሕፈት ቤት ሶፍትዌርን በስክሪን ሪደር ስለማስተማር የቀረበ ሒስ

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲሰጥ ተማሪው ከሚለማመዳቸው መሣሪያዎች ዋነኞቹ የጽሕፈት ቤት ሶፍትዌሮች ናቸው። ደብዳቤ የሚጻፈው፣ ሠንጠረዥ የሚዘጋጀው፣ የሒሳብ መዝገብ የሚሠራው በእነርሱ ነው። የሶፍትዌሩ በር ደግሞ ምናሌው ነው፤ ይኸውም ሶፍትዌሩ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ትእዛዛት በየስማቸው ተደርድረው የሚገኙበት ዝርዝር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ይህ ዝርዝር በጆሮው ለሚማር ተማሪ እንዴት ሆኖ እንደሚደርሰው መመርመር፣ በምናሌው አሠራርም ሆነ በእኛ አስተማሪነት ያለውን ጉድለት ማመልከት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች አንዳንድ ሐሳቦችን ማቅረብ ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በሀገራችን የተካሄደው የዐይነ ስውርነት፣ የእይታ ድካምና የትራኮማ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አመልክቶ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ይሁን እንጂ በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ በሆነው በአማራ ክልል፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት ማየት የተሳነው ተማሪ ሊመዘገብ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነው።

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የጭልጋዋን አይከልን ለምሳሌ እንውሰድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሥራው፣ እንዲሁም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሠረተው የነፃ ትምህርት ዕድል መርሐ ግብር ለአካል ጉዳተኞች ትምህርት ትኩረት የሰጠ ተቋም ነው። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው በር የሚከፈተው ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት፣ እንደ አይከል ባለች ከተማ የሚኖር ዐይነ ስውር ተማሪ ኮምፒዩተርን ማወቅ አለማወቁ የሚወሰነው በተለመደው የኮምፒዩተር መምህር ነው። ይህ ሒስ የሚነሣውም ከዚሁ መምህር ሁኔታ ነው።

1. ስክሪን ሪደር ምን ይሠራል?

ስክሪን ሪደር በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍና ትእዛዝ ወደ ንግግር ወይም ወደ ብሬይል የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። በስፋት ከታወቁት አንዱ ጆውስ ሲሆን፣ በመኪና አደጋ ዐይነ ስውር የሆነው አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር መሥርቶት በነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ለዶስ ሥርዓት የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ኤንቪዲኤ ይባላል። እርሱንም እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ጀምሮ ከጄምስ ቴ ጋር አዳበረው፤ ሁለቱም ዐይነ ስውራን ናቸው። ጆውስ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ሲሆን፣ ሳይገዙ የሚሞክሩት ሰዎች በአንድ ጊዜ ለ40 ደቂቃ ብቻ ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል። ይህም አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ከሚወስደው ጊዜ ጋር የተቀራረበ ነው። ኤንቪዲኤ ግን ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ ለትምህርት ቤቶቻችን አቅም ይስማማል።

ከትምህርት አንጻር ሊጤን የሚገባው የሶፍትዌሩ የአቀራረብ ጠባይ ነው። የሚያይ ተማሪ ገጹን በአንድ ጊዜ ይቃኛል፤ የሚፈልገውን ከማይፈልገው የሚለየው ሳያነበው ነው። የሚሰማ ተማሪ ግን ነገሩ የሚደርሰው አንድ በአንድ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ለእርሱ ‘ከላይ በግራ በኩል’ የሚባል ቦታ የለም፤ ያለው ‘ቀድሞ’ እና ‘ቀጥሎ’ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚጓዝ መንገደኛ ካርታ ባይዝም አዘዞ፣ ከዚያ አይከል፣ ከዚያ ገንዳ ውሃ እያለ የከተሞቹን ተራ በማወቅ የት እንደ ደረሰና ምን ያህል እንደ ቀረው ይረዳል። በስክሪን ሪደር የሚሠራ ተማሪም ምናሌውን የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ አንድ ምናሌ ለሚሰማው ሰው መልካም ነው ለመባል አራት ነገሮችን ማሟላት ይገባዋል። ትእዛዛቱ የማይለዋወጥ ተራ ሊኖራቸው ይገባል። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከሌላው የሚለይ ስም ሊኖረው ይገባል። ከስንት ትእዛዛት ስንተኛው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በመጨረሻም በዚያ ሰዓት ሊፈጸም የሚችል መሆኑና አለመሆኑ መነገር አለበት። ስክሪን ሪደሩ እነዚህን ሁሉ የመናገር ችሎታ አለው፤ ሆኖም የሚናገረው የሶፍትዌሩ ሠሪ ያስቀመጠለትን ብቻ ነው።

2. አሮጌው ምናሌና ሪባን

እስከ ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2003 ድረስ በነበረው አሠራር ወርድ የተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ዘጠኝ ምናሌዎች ነበሩት። አልት የተባለው ቁልፍ ሲጫን የመጀመሪያው ይጠራል፤ በግራና በቀኝ ቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው ይኬዳል፤ በታች ቀስት ወደ ትእዛዛቱ ይወረዳል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ለሚሰማ ሰው ይህ ግልጽ ሥርዓት ነበር፤ ምክንያቱም መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ሲኖረው ሁሉም ነገር በስም ይጠራ ነበር።

በኦፊስ 2007 ይህ ሥርዓት ተለወጠ። በምናሌው ፈንታ ሪባን የተባለ ሰፊ ሰሌዳ መጣ። በወርድ ላይ ሰባት ትሮች፣ በየትሩ ሥር ምድቦች፣ በየምድቡ ደግሞ አንዳንዱ ትልቅ፣ አንዳንዱ ትንሽ የሆኑ አዝራሮችና የሥዕል መደርደሪያዎች ተቀመጡ። የለውጡ ዓላማ ተሰውረው የነበሩትን ትእዛዛት ወደ ዐይን ማቅረብ ነበር፤ ለሚያየውም ሰው በብዙ በኩል ጠቅሞታል። ነገር ግን በሪባን ላይ የቀስት ቁልፎች የሚሄዱት እንደ አዝራሮቹ አቀማመጥ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ወደ ታች ሲወርድ በጎን ያለውን ሊዘለው ይችላል፤ መዝለሉንም የሚነግረው የለም። ከዚህም በላይ ጠቋሚው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ያልነበሩ ትሮች ብቅ ይላሉ፤ ሲወጣም ይጠፋሉ። የሚያይ ተማሪ ይህን ወዲያው ይገነዘባል፤ የሚሰማው ግን ትላንት የቆጠረው ተራ ዛሬ ለምን እንደ ተዛባ አያውቅም። ‘ፋይል’ የተባለው ምናሌም በኦፊስ 2007 ቀርቶ በገጹ ላይ ስም ያልተጻፈበት ክብ ምልክት ተተክቶ ነበር። በኦፊስ 2010 ‘ፋይል’ በስሙ መመለሱ ምልክት ብቻውን ለሚያዩትም ቢሆን እንደማይበቃ የሚያስረዳ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጆውስ 12 ሪባኑን በአሮጌው ምናሌ መልክ አድርጎ የሚያቀርብ አሠራር ይዞ መምጣቱም የችግሩን ክብደት ያመለክታል።

ይህን ስንል ሪባን ለዐይነ ስውር ዝግ ነው ማለታችን አይደለም። በቀስት ፈንታ በታብ ቁልፍ ቢኬድ አዝራሮቹ ሳይዘለሉ በተራ ይጠራሉ። ኮንትሮል ተይዞ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ሲጫን ከምድብ ወደ ምድብ ይታለፋል። አልት ከተጫነ በኋላ እያንዳንዱ ትርና አዝራር የራሱ ፊደል ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝኛው ወርድ አልት፣ ኤን፣ ቲ፣ አይ በተከታታይ ሲጫኑ ሠንጠረዥ የማስገቢያው የመጠይቅ ሳጥን ይከፈታል። ከኦፊስ 2016 ጀምሮ ደግሞ አልትና ኪው በአንድነት ሲጫኑ የትእዛዙን ስም ጽፎ መፈለግ ይቻላል። ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊብሬኦፊስም አሮጌውን የምናሌ ሥርዓት ጠብቆ የቆየ በመሆኑ ለጀማሪ ተማሪ የተሻለ መለማመጃ ሊሆን ይችላል።

3. የትእዛዛት ስምና የአማርኛ ቋንቋ

የምናሌ ስሞች በአማርኛ ሲተረጎሙ እስካሁን የተመዘነው የቃላቱ ትክክለኛነት ነው፤ በጆሮ ሲሰሙ እንዴት እንደሚሆኑ ግን በቂ ትኩረት አልተሰጠውም። የሚሰማ ሰው የትእዛዙን ስም እስከ መጨረሻው አይጠብቅም፤ የመጀመሪያውን ቃል ሰምቶ የሚፈልገው ካልሆነ ያልፈዋል። ስለዚህ የሚለየው ቃል ቀድሞ ቢመጣ ጊዜ ይቆጥባል። በዚህ ረገድ የአማርኛ የቃላት ሥርዓት ጠቃሚ ነው። ‘ሠንጠረዥ አስገባ’፣ ‘ሥዕል አስገባ’ ስንል መለያው ስም ይቀድማል፤ የወል የሆነው ግሥ ይከተላል። ትርጉሙ የእንግሊዝኛውን ሥርዓት ተከትሎ ‘አስገባ ሠንጠረዥ’፣ ‘አስገባ ሥዕል’ ቢባል ግን ሰሚው በየተራው አንድ ዓይነት ቃል ለመስማት ይገደዳል።

በሌላ በኩል አማርኛ የራሱ ችግር አለው። ‘የገጽ ቁጥር’፣ ‘የገጽ ዳርቻ’፣ ‘የገጽ ቀለም’ የሚባሉት ትእዛዛት ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። በምናሌ ውስጥ የትእዛዙን የመጀመሪያ ፊደል ተጭኖ ወደ እርሱ መዝለል የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ግማሹ ዝርዝር በ‘የ’ ሲጀምር ዘዴው ዋጋ ያጣል። ‘ገጽ፦ ቁጥር’ ወይም በቀጥታ ‘ቁጥር’ ብሎ በምድቡ ሥር ማስቀመጥ የተሻለ መሆኑን ተርጓሚዎች ሊያስቡበት ይገባል።

ሌላው ጉዳይ የንባቡ ድምፅ ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የመሣሪያ ድምፅ ነው። መቅደስና አምሃ የተባሉት የማይክሮሶፍት የአማርኛ ድምፆች ለጆሮ የቀረቡ ቢሆኑም የተሠሩት በኢንተርኔት አማካይነት እንዲያገለግሉ ነው። የፊደላችን ጠባይም ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል፤ ፊደሉ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና። ‘ዋና’ የሚለው ቃል ሲላላ በውኃ የሚዋኙትን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን ያመለክታል፤ ‘ይበላል’ የሚለውም ሲላላና ሲጠብቅ በላተኛውንና የሚበላውን ያለዋውጣል። ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ የኮምፒዩተር ድምፅ ግን ሊስተው ይችላል። በምናሌ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ብቻውን ስለሚቆም ረዳት ዐረፍተ ነገር የለውም። ስለዚህ ለምናሌ የሚመረጡት ቃላት ሁለት ንባብ የሌላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።

በዚሁ አንጻር በብዙ ጽሕፈት ቤቶች የቆየ አንድ ችግር መነሣት አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዐይን አማርኛ ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደል መለያ ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው መለያውን በመሆኑ ተማሪው የሚሰማው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። በስካነር ተነሥቶ እንደ ሥዕል የተቀመጠ መማሪያም እንዲሁ ዝምታ ነው። ተማሪው ምናሌውን ጠንቅቆ ቢያውቅም የከፈተው ሰነድ ካልተነበበለት ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

4. የማስተማሪያው ጉድለት

ከሶፍትዌሩ ጉድለት ይልቅ በእኛ እጅ ያለው የማስተማሪያው ጉድለት ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የተለመደ ቋንቋ የቦታና የቅርጽ ቋንቋ ነው፤ ‘በላይኛው ግራ ጥግ ያለውን ምልክት ተጫን፤ ከዚያ ሰማያዊውን አዝራር ምረጥ’ ይላል። ይህ ትእዛዝ ማውዝ ለያዘ ዐይናማ ብቻ የተነገረ ነው። ዐይነ ስውሩ ተማሪ ከጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ጓደኛው ሲሠራ ይሰማል፤ በስም ተምሯል ይባላል እንጂ እጁ ቁልፍ አልነካም። ውጤቱም በሥራ ዓለም ይከተለዋል። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ምሥጢር የሆነውን ሰነድ ሌላ ሰው ያነብለታል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የሰጠው ዋስትና፣ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ስለ ትምህርትና ስለ መረጃ ተደራሽነት የደነገገው፣ ሠራተኛው ራሱን ችሎ መሥራት ካልቻለ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ለዚህ ጉድለት ማስታገሻ ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒትም ሒስ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጊዜ ለዐይነ ስውር ተማሪ ረጅም የቁልፍ ዝርዝር ተሰጥቶት በቃሉ እንዲይዝ ይደረጋል። ዝርዝሩ ለተለማመደ ሠራተኛ ፍጥነት ይሰጣል። ነገር ግን አልት፣ ኤን፣ ቲ፣ አይ የሚለውን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ፣ ሶፍትዌሩ በተለወጠ ቀን ወይም በሊብሬኦፊስ ፊት በተቀመጠ ቀን እውቀቱ ከእጁ ይወጣል። ምናሌን መመርመር የተማረ ግን በማያውቀው ሶፍትዌር ውስጥ እንኳ አልትን ተጭኖ፣ ስሞቹን እየሰማ መንገዱን ያገኛል።

በጆሮ የማስተማር ጥበብ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚባለው የሚሰጠው ሲመሽ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው። መምህሩ ይላል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ የቀደመውን ሳያጸና ወደሚቀጥለው አያልፍም። በጎንደር አድባራት አካባቢ ለዘመናት በቆየው የጉባኤ ቤት ልማድ ማየት የተሳነው ሰው ከትምህርት አይከለከልም ነበር፤ መምህር የሆነም አለ። ከዚህ ልምድ የምንወስደው የማስታወሱን ብርታት ብቻ መሆን የለበትም። ዋናው ነገር መምህሩ ቃሉን በተራና በስም መናገሩ፣ የተማሪውንም መልስ በጆሮው መመርመሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሠንጠረዥ የማስገባት ትምህርት እንዲህ ሊሰጥ ይችላል፦ ‘ማስገቢያ የሚለውን ክፈት። ሠንጠረዥ የሚለው ስም እስኪገኝ ሂድ። ግባበት። የመጠይቅ ሳጥን መከፈቱን አረጋግጥ። መጀመሪያ የዓምዱን ብዛት ጻፍ። በታብ ተሻግረህ የረድፉን ብዛት ጻፍ። ኢንተርን ተጫን። ጠቋሚው በሠንጠረዡ ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ።’ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ቀለም፣ ጥግና ቅርጽ አልተጠቀሰም፤ የሚያየውም የማያየውም ተማሪ በአንድነት ሊከተለው ይችላል።

ፈተናችንም በዚሁ መንገድ መታረም ይኖርበታል። ‘ከሚከተሉት ሥዕሎች ገልብጥ የሚለው ምልክት የትኛው ነው?’ ብሎ መጠየቅ የዐይን ትውስታን ይለካል። ‘ገልብጥ የሚለው ትእዛዝ ለጊዜው አይሠራም ቢባል ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?’ ብሎ መጠየቅ ግን ተማሪው ከመገልበጥ በፊት ጽሑፍ መመረጥ እንዳለበት ማወቁን ይለካል። ሁለተኛው ጥያቄ ለሁሉም ተማሪ የተሻለ ጥያቄ ነው።

5. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንድ መምህር ‘በክፍሌ ብዙ ተማሪዎች አሉ፤ ለአንዱ ብዬ የሁሉንም ትምህርት አላዘገይም’ ይል ይሆናል። ሥጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን በቁልፍ ሰሌዳ መሥራት ለዐይነ ስውር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ማውዝ በተበላሸበት ኮምፒዩተር ሥራ አይቆምም፤ የትእዛዙን ስም ያወቀ ተማሪም ምልክቱ ቢለወጥ አይደናገርም።

ሌላው ደግሞ ‘ወጣቶቹ በስልክ ላይ ቶክባክን ይጠቀማሉ፤ የምናሌ ነገር ጊዜው አልፎበታል’ ይላል። በርግጥ ብዙ ዐይነ ስውራን ወጣቶች ከስክሪን ሪደር ጋር የተዋወቁት በስልክ ነው፤ ይህም ጥሩ መነሻ ነው። ሆኖም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ በአመዛኙ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። ተማሪውን በስልክ ብቻ መወሰን ከእነዚህ ሥራዎች ማራቅ ይሆናል።

6. ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ/ መምህሩ አንድ ትምህርት ከመስጠቱ በፊት ኤንቪዲኤን ከፍቶ፣ ሞኒተሩን አጥፍቶ፣ ትምህርቱን ራሱ በጆሮው ይሥራው። የቃላቱን ጉድለት ከማንኛውም መመሪያ በላይ የሚያሳየው ይህ ሙከራ ነው።

ለ/ የኮምፒዩተር መማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወይም ሲታረሙ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከሥዕሉ ጋር በስሙና በተራው ይጻፍ።

ሐ/ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ኤንቪዲኤ አስቀድሞ ይጫን፤ ዐይነ ስውር ተማሪ እስኪመጣ አይጠበቅ። ለጀማሪዎች መለማመጃም ሊብሬኦፊስ ይታሰብ። ለአንድ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው።

መ/ የፈተና ወረቀቶች፣ የመምህራን ማስታወሻዎችና የጽሕፈት ቤት ደብዳቤዎች በዩኒኮድ ፊደል ይጻፉ፤ በአሮጌ ፎንት የተጻፉትም በጊዜ ይለወጡ።

ሠ/ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የኮምፒዩተርና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሎች በዚህ ጉዳይ በጋራ ያሠልጥኑ። ሁለቱ ተለያይተው እስከ ሠሩ ድረስ አንዱ መሣሪያውን፣ ሌላው ተማሪውን ብቻ እያወቀ ይቀራል።

ረ/ ሶፍትዌር የሚተረጉሙ ባለሙያዎች የምናሌ ስሞችን ከማጽደቃቸው በፊት በስክሪን ሪደር ለሚሠሩ ሰዎች አሰምተው አስተያየታቸውን ይቀበሉ።

ከእነዚህ ሐሳቦች አብዛኞቹ አዲስ ሕንፃ ወይም ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አይጠይቁም። ሀ እና መ የተባሉት በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ በአይከልም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በሚቀጥለው የትምህርት ሳምንት ሊጀመሩ ይችላሉ። ለ እና ሠ ግን የዕቅድ አውጪዎችን ውሳኔ ይፈልጋሉና፣ መማሪያ መጻሕፍቱ በድጋሚ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳቸው በፊት እንዲታዩ በአክብሮት እናሳስባለን።